አይነቀልም

የጋሽ ክፍሎም ልጅ ሰናይት ስትደውልልኝ ሮተርዳም፣ ትራም ላይ ነበርኩ። «ፓፓ ሞተ» አለችኝ። «አረፉ» ማለት አታውቅበትም፤ እዚህ አገር ያደገ ልጅ አባቱንም የጎረቤት ድመትንም አንተ ነው የሚለው። ለመቆጣት አፌን ሳልከፍት ቀጠለች። «ፒያኖውን ትወስደዋለህ? ለማማ ከአልጋ የማንሻ ማሽን ሊያስገቡላት ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ካልወሰድከው ማክሰኞ ግሮፍፋይል ጠርቻለሁ።» ግሮፍፋይል አሮጌ ፍራሽና የተሰበረ ቁም ሣጥን ከየደጁ የሚለቅም የማዘጋጃ ቤት መኪና ነው። የጋሽ ክፍሎም ፒያኖ ከአሮጌ ፍራሽ ጋር ሊጫን ነው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረድኩ፤ የኔ ፌርማታ አልነበረም።

ስለ ሞተ ሰው ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው። እኔ ግን ስለ ጋሽ ክፍሎም ሳወራ የራሴን ክፉ ሳላወራ አልችልም፤ ሁለቱ ተጣብቀውብኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ዴልፍት የምህንድስና ዶክትሬቴን የጀመርኩ ጊዜ እዚያ ቤት ስላጣሁ ሄግ፣ ስኪልደርስዋይክ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከኔ በታች ባለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ገና አላውቃቸውም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው የፒያኖ ቁልፍ ይጫናል። አንድ ቁልፍ። ደግሞ ያችኑ። ደግሞ ያችኑ። ዘፈን ቢሆን እኮ እታገሠው ነበር። በዘጠነኛው ቀን የሆላንድኛ ወቀሳዬን ደረጃው ላይ እየተለማመድኩ ወረድኩና አንኳኳሁ።

ጥቁር ሹራብ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ወቀሳዬን እስከ መጨረሻው፣ ሰዋስው ስሳሳት እንኳ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ መልኬን አየት አደረጉና በአማርኛ «የትኛዋ ናት ያስቸገረችህ?» አሉኝ።

«ያቺው… አንዷ ድምፅ።»

«ሦስተኛዋ ነጭ ናት። እኔንም አስቸግራኛለች። ግባ፣ አብረን እንቸገር።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ያደጉት ግን አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። አማርኛቸው ከኔ አማርኛ ይጠራ ነበር። አገር ቤት ሥራቸው ፒያኖ መቃኘት ነበር፤ የሆቴሉን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የፈረንጁን ቤት ፒያኖ እየዞሩ በመፍቻ ሲያጠብቁና ሲያላሉ ኖረዋል። እዚህ ሲመጡ ቃኚ የፈለገ ስላልነበረ ፐርኒስ፣ ወደቡ አካባቢ የነዳጅ ታንክ ሲያጥቡ ከርመው ጡረታ ወጡ። ግራ ጆሯቸውን እዚያው ትተውት ነው የመጡት። «ቀኙ አለኝ፤ ለለተ እሱ ይበቃታል» ይሉ ነበር።

ለተ የሚሏቸው ባለቤታቸውን፣ እትዬ ለተብርሃንን ነው። እትዬ ለተ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የትራሙን መንገድ ያያሉ። ስገባ ሰላም ሲሉኝ ደኅና ሰው መሰሉኝ። ስወጣ እንደገና አዲስ እንግዳ ሆኜባቸው «ግባ ልጄ፣ በር ላይ አትቁም» አሉኝ። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የባላቸውን ስም ከረሱት ደግሞ ሁለት ዓመት።

ፒያኖው ዲጂታል ነው፤ ከሰው እጅ የተገዛ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ። በመፍቻ የሚዞር ሽቦ የለውም። ግን ከውስጡ አድቫንስድ ሴቲንግ የሚባል፣ ደኅና ፒያኖ ተጫዋች እንኳ ዕድሜ ልኩን የማይገባበት ቦታ አለ። እዚያ ከተገባ አሥራ ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፋብሪካው ሁሉንም ዜሮ ላይ አድርጎ ይልካቸዋል። የጋሽ ክፍሎም አንዳቸውም ዜሮ ላይ አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ለተ ሰናይት ሕፃን ሳለች ማስተኛ ብለው ራሳቸው የፈጠሩት ዜማ ነበራቸው። በሽታው ስም፣ ቀን፣ መንገድ ሲወስድባቸው ዜማውን ተወላቸው። ጋሽ ክፍሎም በፒያኖ ሊያጅቧቸው ሲሞክሩ ግን ይቆጡና ያቆማሉ። ድምፃቸው የፒያኖው ቁልፎች ላይ አይወድቅም ነበር፤ አንዱ ጋ ዝቅ፣ አንዱ ጋ ከፍ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሴትዮዋ ከቅኝት ወጥተዋል ይል ነበር። እሳቸው «ፒያኖው ነው የወጣው» አሉና ክረምት ሙሉ ቁጭ ብለው አሥራ ሁለቱን ድምፆች በሚስታቸው ጉሮሮ ልክ ቃኙ።

ሲቃኙ ማየት ነበር። ቁልፏን ይጫናሉ፣ ቀኝ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት ያነሣሉ፣ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጣታቸው አትወርድም። የሚያስተካክሉት የአንድ ፀጉር ያህል ነው። «ጆሮ አይቸኩልም» ይላሉ። ይህችን አባባል ለሁሉ ነገር ያውሏት ነበር፤ ለዘገየ አውቶቡስም፣ ላላለቀ ዶክትሬቴም። የፒያኖዋን ትንሽ ስክሪን ዓይናቸው ስለማያነበው መንገዱን በቁጥር ሸምድደውታል፦ አራት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ። «ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው፣ አልገባም» ይሉኝ ነበር።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጫወቱላቸዋል። አንድ ቀን አብሬ ተቀመጥኩ። እትዬ ለተ በመጀመሪያዋ ድምፅ ከመስኮቱ ዞሩ፤ በሦስተኛዋ ከንፈራቸው ተከፈተ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፤ ግን ከፒያኖው ጋር ክር በመርፌ እንደገባ ገባ። ሲጨርሱ ወደ ባላቸው ዞረው «ክፍሎም፣ ልጅቷ ተኛች?» አሉ።

«ተኛች» አሉ ጋሽ ክፍሎም።

እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን፤ ሰውየው ከቀን ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሚስት የሚኖራቸው ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ነበር።

ድምፃቸውን እንቅረጸው ብያቸው ነበር። ሰናይትም ስልኳን አውጥታ ስትነጫነጭ ሰምቻለሁ። ጋሽ ክፍሎም ሌላውን ሁሉ እሺ ብለው ይህን እንቢ አሉ። «ድምፅ የሚቀረጸው ለሄደ ሰው ነው። እሷ የት ሄደች?»

ሌላው ጉድ ደግሞ ፒያኖውን አጥፍተውት አያውቁም። አንድ ጊዜ የሕንፃው መብራት ለአሥር ደቂቃ ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ዜሮ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ከመጀመሪያው ሊቃኙት ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱ ላይ ቀይ ቴፕ ለጥፈው «አይነቀልም» ብለው ጻፉበት። ቤቱን የሚያጸዳላቸው ሰው ሆላንዳዊ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ከሥሩ «NIET» ጨመሩ፤ በሆላንድኛ «አይሆንም» እንደ ማለት ነው።

እትዬ ለተ ሁለት ጊዜ በነጠላ ጫማ ወጥተው ትራም ሐዲድ ላይ ከተገኙ በኋላ ቤት መዋላቸው የማይሆን ሆነ። ሰናይት ቤት አጠገብ፣ ሆግቭሊት፣ ቨርፕሌግሃይስ ተገኘላቸው፤ የማይድኑ ሰዎች የሚጦሩበት ቤት ነው። ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ክፍሎም ወደኔ ወጡ። እሳቸው ወደኔ ቤት ሲወጡ ያን ቀን መጀመሪያቸው ነበር።

«ኢንጂነር፣ አንድ ጉዳይ አለኝ። ፒያኖው ሳይነቀል የሚሄድበት መንገድ አለ?»

ሳቅኩ። አፌን በቆረጠው። ሴቲንጉ ውስጥ መብራት ቢጠፋም እንዲይዝ የሚያደርግ ነገር እንዳለ ነገርኳቸው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አልኩ።

«አምስት ደቂቃ?»

«ሁለትም ይበቃል።»

የጉዞው ቀን መኪናው መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ የኔ ፕሮፌሰር ስልክ ላይ ናቸው። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሜኑ ውስጥ ገባሁ። ባክአፕ የሚለውን አገኘሁ፣ አበራሁት፣ ወጣሁ። ከሱ ሥር ሌላ ገጽ ነበረ። እኔ ያበራሁት የድምፅ መጠኑንና ዘፈኖቹን ብቻ የሚይዝ ነው፤ ቅኝቱን የሚይዘው ቀጣዩ ገጽ ላይ ለብቻው ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ታች መጫን ነው። አልተጫንኩም። ደግሞስ አሥራ ሁለት ቁጥር አይደሉም እንዴ? ወረቀት ላይ ቢጻፉ ግማሽ ገጽ አይሞሉም። እሳቸው ቁጥሮቹን አይተዋቸው አያውቁም፣ በጆሮ ነው የሠሩት። እኔ ኢንጂነሩ፣ ምሳዬን ፎቶ የማነሣው ሰውዬ፣ ስክሪኑን ፎቶ አላነሣሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

«ተቀመጠ?» አሉኝ።

«ተቀምጧል» አልኩ።

ጎንበስ ብለው ቀዩን ቴፕ ላጡት። ከዚያ ቀና አሉና አፋቸውን ከፈቱ። እስከ ዛሬ ያቺ የተከፈተች አፍ ትታየኛለች። «እስኪ ደግመህ እየው» ሊሉ ነበር። ግን ሥራውን ጥሎ ሊረዳቸው የመጣን የሰው ልጅ እንዴት ሁለት ጊዜ ይጠይቁታል? አላመንኩህም ማለት ነው የሚሆነው። ይሉኝታ ያዛቸው። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉና ፈቀቅ አሉልኝ። ነቀልኩት።

ሆግቭሊት የእትዬ ለተ ክፍል መስኮት ከሩቅ የፐርኒስን ጭስ ማውጫዎች ያሳያል። ፒያኖውን ሰካነው፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ጋሽ ክፍሎም ተቀመጡ። የመጀመሪያዋን ቁልፍ ተጫኑ። የግራ ሌባ ጣታቸው ተነሣችና እዚያው አየር ላይ ቀረች። በአንዲት ድምፅ አወቁ። ቢሆንም ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት፤ አንድም ቦታ አላቋረጡም።

እትዬ ለተ ወደ ሰናይት ዞረው «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ዛሬ ደክሟታል» አሉ ጋሽ ክፍሎም።

እኔ ሜኑውን ከፈትኩት። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ኮሪደር ላይ ወስጄ ነገርኳቸው፤ «ጋሽ ክፍሎም፣ በደንብ አላየሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ቴፑን የላጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ምን አደረግክ?» አሉኝ። «እንደገና እንጀምራለን። መብራት የጠፋ ጊዜም ጀምሬዋለሁ።»

መብራት የጠፋ ጊዜ ግን እትዬ ለተ ይዘፍኑ ነበር። አሁን አይዘፍኑም። ፒያኖው ሲሳሳት ዝም ይላሉ፣ ዝም ካሉ ደግሞ ፒያኖው የሚቃኝበት ድምፅ የለም። ቀረጻ የለም። ከድምፃቸው በዓለም ላይ ቀርቶ የነበረው እነዚያ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ እኔ አጥፍቻለሁ።

ስድስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድን። እሳቸው ከሄግ በሜትሮ፣ እኔ ያን ጊዜ ቤት ካገኘሁበት ከዴልፍት በባቡር፤ ሮተርዳም ተገናኝተን አብረን ወደ ሆግቭሊት። እሳቸው ቁልፉን ይጫናሉ፣ እኔ መደመርና መቀነሱን እይዛለሁ፣ ሁለታችንም የሴትዮዋን ፊት እናያለን። «ትንሽ ዝቅ።» እናያለን። «ትንሽ ከፍ።» እናያለን። አንድ ቀን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ክፍሎም እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙት። ውኃ ነበር የፈለጉት።

አንድ ቅዳሜ ስንመለስ ሜትሮው ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና አልነሣ አሉ። ሁለት ባቡር አለፈን። «ድምጿ ከጆሮዬ እየወጣ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ጠዋት ላስታውሰው ብሞክር የራሴ ድምፅ መጣብኝ። ልጄ፣ እሷ እኔን ረሳችኝ፤ አሁን እኔም ልረሳት ነው።» እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ። እኔ ምን እላለሁ? ስለ አየሩ አወራሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ይከብደኝ ጀመር። አንድ ሳምንት ጉንፋን፣ አንድ ሳምንት የጥናት ጽሑፍ። እየቀረሁ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ለምን አላሉኝም። መጋቢት ላይ ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ቀልድ ቀልድ ይለዋል።

«ኢንጂነር፣ አገኘሁት።»

«ምኑን?»

«ቅኝቱን ነዋ። ትናንት ዘፈነችልኝ። ልጅቷ ተኛች ወይ አለችኝ። በስሜ ጠርታ።»

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። መጥቼ ልስማ አልኳቸው። «ምን ትሰማለህ፣ ያው የምታውቀው ነው። ጥናትህን ጨርስ። ከእንግዲህ ለዚህ ነገር እንዳታስብ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ጊዜ አልጠየቅኩም። እውነቱን ልናገር? ይሉኝታ አልነበረም የያዘኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ዶክትሬቴን ጨረስኩ፣ ሮተርዳም ሥራ ያዝኩ። ከቤቴ ሆግቭሊት በሜትሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዓል ሲሆን እደውልና «እትዬ ለተስ?» እላለሁ፤ «ትዘፍናለች» ይሉኛል፤ እዘጋለሁ።

እንግዲህ የሞታቸውን ስልክ በሰማሁ በማግስቱ ሆግቭሊት ሄድኩ። ሰናይት ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ። እትዬ ለተ መስኮቱ ጋ ናቸው፤ አንሰዋል፣ ወንበሩ ውስጥ ጠፍተዋል። ፒያኖው ግድግዳው ጋ ቆሟል፣ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። ሶኬቱ ላይ አዲስ ቀይ ቴፕ ተለጥፎበታል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ «አይነቀልም» ተብሎ ተጽፎበታል። ሳየው ልቤ ሞቅ አለ። ቅኝቱ በሰላም አለ አልኩ በሆዴ።

ተቀመጥኩ። አራት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ።

የመጀመሪያዋ ዜሮ ናት። ሁለተኛዋም። መንገዱን የሳትኩ መሰለኝና ወጥቼ እንደገና ገባሁ። አሥራ ሁለቱም ዜሮ ናቸው።

«ሰናይት፣ ይሄን ነገር ያጠፋው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። ፓፓ ማንንም አያስነካም ነበር።»

«ታዲያ እትዬ ለተ በምን ይዘፍኑ ነበር?»

እንደ እብድ አየችኝ። «ማማ? ማማ እዚህ ከገባች ዘፍና አታውቅም። አንድ ቀን እንኳን።»

«መጋቢት ላይ… አባትሽ ዘፈነች ብለውኝ ነበር።»

«ማርት ላይ ነው እኮ ያቆመው» አለች፤ መጋቢትን ማለቷ ነው። «በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቁልፍ ሲጫን ይውል ነበር፤ አንተ ስትቀር እንኳን እኔ ነበርኩ የምጫንለት። ከዛ አንድ ቀን ‹በቃ፣ ጆሮዬ አልቋል› አለ። ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሺልኝ አለኝ፣ መለስኩለት። ከዛ ስልክ አምጪልኝ አለ። ለብሩክ ልደውልለት፣ ልጁ እየተጎዳ ነው አለኝ።» ብሩክ እኔ ነኝ።

ቀጠለች። አባቷ ከዚያ በኋላም በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እየመጣ በዜሮው ይጫወት ነበር። እናቷ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ሲጨርስ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ይሄዳል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ። ቴፑን ለማን ብሎ እንደለጠፈው እሷ አልገባትም ነበር። እኔ ገብቶኛል። ድንገት ብመጣ እንዳልጠረጥር ነው።

አሥር ሰዓት ሆነ። እትዬ ለተ ከመስኮቱ ዞረው በሩን አዩ። «ያ ሰውዬ ዛሬ አይመጣም?» አሉ።



ሰናይት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ሶኬቱ ጋ በርከክ አለች። ቴፑን በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ከዚያ ቆም አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሳልነቅለው፣ ውስጡ የሚቀመጥ ነገር አለው እንዴ?»

ቀጣዩን ገጽ ተጫንኩ። ከሱ ቀጥሎ ያለውንም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ።

«የለም» አልኳት። በዚህኛው ጊዜ ግን አረጋግጬ ነበር።